ከሠርጉ በኋላ የሚጀምር ታሪክ፦ በቤታችን ልናያቸውና ልናልፋቸው የሚገቡ የፍቅር ፊልሞች



አብዛኛውን ጊዜ በቴሌቪዥን የምናየው የፍቅር ፊልም መጨረሻው የታወቀ ነው። ወጣቱና ወጣቷ ይገናኛሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ በመጨረሻም ይጋባሉ፤ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ፊልሙም ያልቃል። በእኛ በቤተ እስራኤል ዘንድ ግን ሠርግ የነገር መጨረሻ ሆኖ አያውቅም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ዘር እስከ ሰባት ትውልድ ተቆጥሮ፣ ቄሶች ባርከውና ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ የሚደረገው ሠርግ የሁለት ቤተሰብ ውል መጀመሪያ ነበር። ባልና ሚስቱ ሲጣሉ የሚያስታርቅ፣ ሲቸገሩ የሚረዳ፣ ያጠፋውን የሚገሥጽ ዘመድ በቅርብ ይገኝ ነበር።

ወደ እስራኤል ከመጣን ወዲህ ዘመዱ በየከተማው ተበትኗል። አንዱ በኔታንያ፣ አንዱ በቂርያት ጋት፣ ሌላው በአፉላ ይኖራል። ባልና ሚስት ከሠርጉ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ብዙ ጊዜ ብቻቸውን ይጋፈጡታል። ስለዚህ «ከሠርጉ በኋላስ ምን ሆነ?» ብለው የሚጠይቁ ፊልሞች ለእኛ ቤት ከሌሎቹ ይልቅ ይጠቅማሉ። እንዲህ ያሉት ፊልሞች ደግሞ በብዛት የተሠሩት በትልልቆቹ የፊልም ኩባንያዎች ሳይሆን ጥቂት ገንዘብ ይዘው በራሳቸው በተነሡ ሰዎች ነው። ይህ ጽሑፍ የእነዚህን ፊልሞች ታሪክ ባጭሩ ይገልጻል፤ የትኛውን ከልጆች ጋር፣ የትኛውን ባልና ሚስት ብቻችሁን ብታዩ፣ የትኛውንም ብታልፉት እንደሚሻል በየቦታው ይጠቁማል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ገንዘቡን የሰጠ ፍጻሜውን ይወስናል

በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ፊልም የሚሠሩት ጥቂት ትልልቅ ኩባንያዎች ነበሩ። ፊልሙን ይሠራሉ፣ ተዋናዮቹን በውል ያስራሉ፣ የሚታይባቸው ሲኒማ ቤቶችም በብዛት የእነርሱ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህንን አሠራር ሕገ ወጥ ነው ብሎ ስለወሰነ ኩባንያዎቹ ሲኒማ ቤቶቻቸውን እንዲለቁ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለሌሎች ሰዎች ቀዳዳ ተከፈተ።

ሌላም ነገር ነበር። ኩባንያዎቹ ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ የሚወስን ደንብ ነበራቸው። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በጥብቅ የተሠራበት ይህ ደንብ በነጭና በጥቁር መካከል ያለ ፍቅርን በፊልም ማሳየትን ለብዙ ዓመታት ከልክሎ ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው ስለ እውነተኛ ፍቅርና ስለ እውነተኛ ቤተሰብ ፊልም መሥራት ከፈለገ ገንዘቡን ከሌላ ቦታ መፈለግ ነበረበት። ገንዘቡን የሚሰጠው ሰው የፊልሙን መጨረሻ ይወስናልና።

በ1955 ዓ.ም. የወጣው «ማርቲ» የተባለው ፊልም የመጣው በዚህ ቀዳዳ ነው። ያሠሩት በርት ላንካስተር የተባለው ተዋናይና ሸሪኩ ናቸው፤ ወጪውም ለጊዜው ፊልሞች አነስተኛ የሚባል ነበር። ማርቲ በኒው ዮርክ በብሮንክስ ሠፈር የሚኖር፣ ወላጆቹ ከጣሊያን የመጡ የ34 ዓመት ሥጋ ሻጭ ነው። መልኩ አያምርም፤ ከእናቱ ጋር ይኖራል፤ ደንበኛው ሁሉ «መቼ ነው የምታገባው?» ይለዋል። አንዲት መምህርት ተዋውቆ ሲወዳት ግን ሲወተውቱት የነበሩት ሁሉ ይለወጣሉ። ጓደኞቹ መልኳን ያንቋሽሻሉ። እናቱም፣ እኅቷ በገዛ ልጇ ቤት ከምራቷ ጋር መኖር አቅቷት ስትወጣ አይታ፣ «እኔስ ነገ ምን እሆናለሁ?» ብላ ትፈራለች። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ፊልሙ እናቲቱን ክፉ አድርጎ አያሳያትም፤ ፍርሃቷን ያስረዳል እንጂ። ፊልሙ በካን በዓል ታላቁን ሽልማት፣ በአሜሪካም ምርጥ ፊልም የሚለውን ጨምሮ 4 ኦስካሮችን አገኘ። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ከአያት እስከ ልጅ አብሮ ለማየት የሚሆን፣ ነውር የሌለበት ፊልም ነው።

ሁለተኛው «ሻዶውስ» ይባላል፤ «ጥላዎች» ማለት ነው። የሠራው አባቱ ከግሪክ የመጣ ጆን ካሳቬቲስ የተባለ ተዋናይ ነው። በ1957 ዓ.ም. በአንድ የሌሊት የሬዲዮ ዝግጅት ላይ ቀርቦ አድማጮች ገንዘብ እንዲያዋጡ ጠየቀ፤ ሰዎችም በትንሽ በትንሹ ወደ 2,000 ዶላር ላኩለት። ፊልሙ በ1959 ዓ.ም. ተጠናቆ ወጣ። ታሪኩ በኒው ዮርክ ስለሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾችና እኅታቸው ነው። እኅቲቱና አንዱ ወንድሟ ቀለማቸው ቀላ ያለ ነው፤ ታላቅ ወንድማቸው ግን ጥቁር ነው። አንድ ነጭ ወጣት እኅቲቱን ይወዳል፤ ቤቷ መጥቶ ታላቅ ወንድሟን ባየ ጊዜ ግን ፊቱ ይለወጣል፤ ምክንያት ፈጥሮም መሄድ ይፈልጋል።

ይህችን አንዲት ትዕይንት ለመረዳት ትርጉም አያስፈልግም። በዚህ አገር ያደጉ ልጆቻችን ጓደኛቸው ቤተሰባቸውን ሲያይ ፊቱ ሲለወጥ ምን እንደሚሰማቸው ለወላጅ አይናገሩም። ይህን ፊልም አብሮ ማየት ወሬውን ሊከፍት ይችላል። ይሁንና ድምፁ ጥራት የለውም፣ ነገሩም አንዳንድ ቦታ የተበታተነ ነው፤ ስለዚህ ከ16 ዓመት በላይ ከሆኑ ልጆች ጋር ብቻ እዩት።

ሄስተር ጎዳና፦ ቀድሞ የመጣ ባል፣ በኋላ የመጣች ሚስት

ከሁሉም ይልቅ ለአዲስ ገቢ ቤተሰብ የሚስማማው በ1975 ዓ.ም. የወጣው «ሄስተር ስትሪት» ነው። ሄስተር በኒው ዮርክ ከተማ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዶች ተጨናንቀው ይኖሩበት የነበረ ጎዳና ስም ነው።

የታሪኩ ምንጭ አብርሃም ካሃን በ1896 ዓ.ም. ያሳተመው «የክል» የተባለ አጭር ልብ ወለድ ነው። ካሃን በሊቱዌንያ በቪልና ከተማ አጠገብ ተወልዶ በ1882 ዓ.ም. አሜሪካ የገባ ሰው ሲሆን «ፎርቨርትስ» የተባለውን የይዲሽ ጋዜጣ ለረጅም ጊዜ መርቷል። ይህ ጋዜጣ ከ1906 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢዎች ስለ ኑሯቸውና ስለ ትዳራቸው የሚጽፉትን ደብዳቤ ከምክር ጋር ያወጣ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሚስትና ልጆቻቸውን ጥለው የጠፉ ባሎችን ፎቶግራፍ ማተም ጀመረ። ከዚህ የምንረዳው በስደትና በዓሊያ ጊዜ ትዳር መናወጡ በእኛ እንዳልተጀመረ ነው። ዛሬ በዚህ አገር የተከበሩ የአሜሪካ ዘመዶች ያሏቸው ቤተሰቦች አያቶች በዚሁ መንገድ አልፈዋል።

ፊልሙን የጻፈችውና የመራችው ጆአን ሚክሊን ሲልቨር ናት። ወላጆቿ ከሩሲያ የመጡ አይሁዶች ነበሩ። ኩባንያዎቹ ጽሑፏን አልተቀበሉም፤ ታሪኩ ለአይሁዶች ብቻ ነው፣ በዚያ ላይ አብዛኛው በይዲሽ ነው አሉ። በዚያን ጊዜ ሴት ዳይሬክተር መቅጠርም ለእነርሱ ተጨማሪ ችግር ነበር። ስለዚህ በቤትና በመሬት ሥራ ላይ የነበረው ባሏ ራፋኤል ሲልቨር ገንዘቡን ፈልጎ አሰባሰበ። ወደ 370,000 ዶላር በሚሆን ወጪ፣ በጥቁርና ነጭ ተሠራ። የሚያከፋፍልላቸው ሲጠፋም ራሳቸው ለሲኒማ ቤቶች አከፋፈሉት። ፊልሙ ወጪውን ብዙ እጥፍ አድርጎ መለሰ፤ ሚስቲቱን ሆና የተጫወተችው ካሮል ኬንም ለኦስካር ታጨች። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ለትውልድ እንዲጠበቁ ከሚመርጣቸው ፊልሞች መዝገብ ገባ። ዳይሬክተሯ ያረፈችው በ2020 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የክል ቀድሞ ወደ ኒው ዮርክ መጥቶ ስሙን «ጄክ» ብሏል። ጢሙን ተላጭቷል፣ በልብስ ስፌት ቤት ይሠራል፣ ማታ ማታ ዳንስ ቤት ይሄዳል፣ ሜሚ የምትባል ሴትም ወዷል። አባቱ ሲሞት ግን ሚስቱን ጊትልን እና ትንሹን ልጁን ዮሰሌን ማስመጣት ግድ ይሆንበታል። ጊትል ጸጉሯን በሃይማኖት ሕግ ሸፍና ትደርሳለች። ባልየው ናፍቆት ሳይሆን እፍረት ይይዘዋል። የልጁን የጆሮ ግንድ ጸጉር ይቆርጣል፣ ስሙንም «ጆይ» ይለዋል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ከእኛም ብዙዎቹ እዚህ እንደገቡ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል፤ እናት ያወጣችው ስም በመዝገብ ላይ ጠፍቶ የቀረበት ሰው ጥቂት አይደለም። በፊልሙ ውስጥ ስሙን የሚለውጠው ባለ ሥልጣን አይደለም፤ ራሱ አባትየው ነው። ልጁን የሚለውጠው ራሱ በአገሬው ዘንድ እንዳያፍር ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ቋንቋና ሥልጣን ነው። ጄክ ሚስቱን የሚበልጣት በዕውቀት አይደለም፤ ቀድሞ በመምጣቱ ብቻ ነው። አውቶቡሱን፣ ገንዘቡንና ቋንቋውን ቀድሞ ያወቀ ሰው በቤት ውስጥ አለቃ ይሆናል። በእኛ ቤት ይህ በሁለት በኩል ሲሆን በሥራዬ ላይ አያለሁ። አንዳንዴ ባል ቀድሞ መጥቶ ሚስት ትዘገያለች፤ አንዳንዴም አብረው መጥተው ሚስት ኡልፓን ትማራለች፣ ሥራ ትይዛለች፣ የባንክ ደብተር ታወጣለች፤ በአገሩ የተከበረው ባል ደግሞ ደብዳቤ ሲመጣ ልጁን «አንብብልኝ» ለማለት ይገደዳል። የተዋረደ የሚመስለው ሰው ክብሩን በጩኸት፣ አንዳንዴም በዱላ ለመመለስ ይሞክራል። ይህ ሲሆን ቤት ይፈርሳል፤ ከዚያ የባሰም ይመጣል።

ጊትል ግን ተሸንፋ አትቀርም። ጎረቤቷ ወይዘሮ ካቫርስኪ እንደ እኛ አገር ሽማግሌ መሐል ትገባለች፤ ቤታቸው ተከራይቶ የሚኖረው በርንስታይን የተባለ የተማረ ሰው ለልጁ ኦሪት ያስተምረዋል፣ ለእርሷም አክብሮት ያሳያታል። ትዳሩ መፍረሱ ቁርጥ ሲሆን የሜሚ ጠበቃ ፍቺውን እንድትቀበል ገንዘብ ይዞ ይመጣል። ጊትል ምንም ሳትናገር ዝም ትላለች። ጠበቃው ዝምታዋን እምቢታ እየመሰለው ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፤ 300 ዶላርም ይደርሳል። በመጨረሻ ጊትል ከበርንስታይን ጋር ሱቅ ለመክፈት ስታስብ፣ ጄክና ሜሚ ገንዘባቸው አልቆ ለመጋባት በእግራቸው ይሄዳሉ።

ፊልሙ «እንደ ድሮው ሁኑ» አይልም፣ «የድሮውን ጣሉ» አይልም። ጊትልም ትለወጣለች፤ ልብሷ ይለወጣል፣ እንግሊዝኛም መልመድ ትጀምራለች። ልዩነቱ ጄክ ከእፍረት የተነሣ ሲለወጥ እርሷ በራሷ ጊዜና በራሷ ልክ መለወጧ ነው። ይህን ፊልም ባልና ሚስት መጀመሪያ ብቻችሁን፣ ቀጥሎ ከ12 ዓመት በላይ ከሆኑ ልጆች ጋር ብታዩት እመክራለሁ።

በእስራኤል የተሠሩት

በዚህ አገርም ስለ ትዳር ጥሩ ፊልም የሠሩት ብዙ ጊዜ ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች ወይም የእነርሱ ልጆች ናቸው። ሞሼ ሚዝራሒ በ1931 ዓ.ም. በግብፅ እስክንድርያ ተወልዶ በ1946 ዓ.ም. ወደዚህ መጣ። በ1972 ዓ.ም. የሠራው «አኒ ኦሄቭ ኦታኽ ሮዛ» በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በኢየሩሳሌም የሆነ ታሪክ ነው። ሮዛ በወጣትነቷ ባሏ ይሞትባታል፤ ልጅ አልወለደችም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 እንደተጻፈው የባሏ ወንድም ሊያገባት ወይም በሥርዓት ሊለቃት ይገባል፤ ወንድምየው ግን የ11 ዓመት ልጅ ነው። ሮዛ እንደ ልጅ ታሳድገዋለች። አድጎ ሲወዳትም መጀመሪያ በሕጉ ነጻ እንዲያወጣት ትጠይቃለች፤ የምታገባው ተገድዳ ሳይሆን ወድዳ እንዲሆን ነው። ሕግንም ፈቃድንም የሚያከብር ፊልም ነው፤ ከ14 ዓመት በላይ ለሆኑ ይስማማል።

«ሐቱና ሜኡሔረት» የተባለውና በ2001 ዓ.ም. የወጣው ፊልም የዶቨር ኮሳሽቪሊ ነው፤ እርሱም ከጆርጂያ በልጅነቱ የመጣ ነው። ዛዛ 31 ዓመቱ ነው፣ በዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ወላጆቹ ልጃገረድ እየፈለጉ ይወስዱታል። እርሱ ግን በድብቅ ልጅ ያላትን፣ ባሏን የፈታች ሴት ይወዳል። ቤተሰቡ ይህን ሲያውቅ ተሰብስቦ ሴቲቱ ቤት ይገባል፤ ያዋርዷታል፤ እርሱም አፍ አውጥቶ አይከላከልላትም። በመጨረሻ ዘመዶቹ የወደዱለትን ያገባል። የእናቱን ቦታ የተጫወተችው የዳይሬክተሩ እናት ናት። ለወላጆች ትልቅ ትምህርት አለው፤ ልጅን በፍቅር ስም እንዴት ማፈን እንደሚቻል ያሳያል። ነገር ግን ረጅምና ግልጽ የመኝታ ቤት ትዕይንት ስላለው ከልጆችም ከአማቶችም ጋር የሚታይ አይደለም። በቤተሰብ ፊት እለፉት።

ለዚህ ተቃራኒ የሚሆነው የራማ ቡርሽታይን «ሌማሌ ኤት ሀሐላል» ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ወጣ። በቴል አቪቭ ሐሲዳውያን ቤተሰብ ውስጥ ሺራ የምትባል የ18 ዓመት ልጅ እኅቷ በወሊድ ትሞታለች። እናቲቱ የልጅ ልጇ እንዳይርቃት ስለፈለገች ሺራ የእኅቷን ባል እንድታገባ ታስባለች። ልጅቷ ምን እንደምትፈልግ ራሷም አታውቀውም። ሺራን ሆና የተጫወተችው ሐዳስ ያሮን በቬኒስ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት አግኝታበታለች። ነውር የለበትም፤ ከወጣት ልጆች ጋር እዩት። በቤተሰብ አማካይነት የሚደረግ ጋብቻ ከማስገደድ የሚለየው በምን እንደሆነ ለመወያየት ይረዳል።

የሮኒትና የሽሎሚ ኤልካቤጽ «ጌት» በ2014 ዓ.ም. የወጣ ነው። አንዲት ሴት ለአምስት ዓመታት በረባናት ፍርድ ቤት ፍቺ ትጠይቃለች፤ ባሏ አልሰጥም ይላል። ከፍርድ ቤቱ ክፍሎች አንወጣም። የጊትል ዝምታ ዋጋ ሲያስገኝላት፣ እዚህ ያለችው ሴት ጩኸቷም አይሰማላትም። በዚህ አገር አይሁዳዊ የሚፋታው በረባናት ፍርድ ቤት ስለሆነ ሥርዓቱን ለማወቅ ለአዋቂዎች ይጠቅማል። በቤታቸው ጠብ ላለ ባልና ሚስት ግን መታረቂያ አይሆንም።

በገዛ ቋንቋችን

አንድ ፊልም ደግሞ አያቶቻችን ያለ አስተርጓሚ ሊያዩት ይችላሉ። በ2018 ዓ.ም. የወጣው «ኤጽ ቴኤና»፣ ማለትም «የበለስ ዛፍ»፣ በአማርኛ የሚነገር ነው። የሠራችው ዓለምወርቅ ዳቪድያን አዲስ አበባ ተወልዳ በ11 ዓመቷ ወደ እስራኤል የመጣች ናት። ታሪኩ በ1989 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ይሆናል፤ የእርስ በርስ ጦርነት ነው፤ ደርግ ወጣቶችን ከመንገድ እያፈሰ ወደ ጦር ሜዳ ይልካል። ሚና የ16 ዓመት አይሁዳዊት ናት፤ እናቷ ቀድማ እስራኤል ገብታለች፤ ሚናም ከአያቷና ከወንድሟ ጋር ልትሄድ ነው። የምትወደው ኤሊ ግን ክርስቲያን ነው፤ ከአፈሳው ለመዳን በበለስ ዛፍ ላይ ይደበቃል። ፊልሙ በቶሮንቶ በዓል ላይ ለሴት ዳይሬክተሮች የሚሰጠውን ሽልማት አገኘ።

ስለ ዓሊያ ስናወራ ስለ መድረሻው፣ በግንቦት 1991 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ስለመምጣታቸው እንናገራለን። ትተነው ስለመጣነው ሰው ግን ዝም እንላለን። ይህ ፊልም ያንን ዝምታ ይነካል። የጦርነት ጭካኔ ስላለበት ለትንንሽ ልጆች አይሆንም፤ ከፍ ያሉት ግን ከአያቶቻቸው ጋር ተቀምጠው ቢያዩት መልካም ነው።

ሌሎች ሦስት ምክሮች

በ2007 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው «ዋንስ» የአየርላንድ ፊልም ነው፤ በ17 ቀን፣ ከ200,000 ዶላር ባነሰ ወጪ ተቀረጸ። በደብሊን መንገድ ላይ ጊታር የሚጫወት ሰውና ከቼክ አገር የመጣች፣ እናቷንና ሕፃን ልጇን የምታኖር ሴት አብረው ዘፈን ይሠራሉ። ይዋደዳሉ፤ ግን ቤቷን አታፈርስም። አንዳንድ ስድብ ከማለቱ በቀር ለቤት የሚሆን ነው።

«ቢፎር ሰንራይዝ» የተባለው የ1995 ዓ.ም. ፊልምና በ2004 እና በ2013 ዓ.ም. የወጡት ተከታዮቹ የአንድ ጥንድ ታሪክ ናቸው። ሦስተኛው ከልጆች በኋላ የሚመጣውን ጠብ ያሳያል። ሆኖም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንግግር ብቻ ስለሆነ ዕብራይስጡን ወይም እንግሊዝኛውን ፈጥኖ ለማያነብ ሰው ድካም ነው። ለጊዜው እለፏቸው።

«ብሉ ቫለንታይን» (2010 ዓ.ም.) የአንድ ትዳር መጀመሪያና መፍረስ እያቀያየረ የሚያሳይ ነው። በጥሩ ሁኔታ ተሠርቷል፤ ነገር ግን የሚያስታርቅ ሰው የሌለበት መራራ ፊልም ነው፤ የመኝታ ቤት ትዕይንቶችም አሉበት። ቤታችሁ በችግር ላይ ከሆነ አትክፈቱት።

አብራችሁ ስታዩ

ፊልሙን ቀድማችሁ ለራሳችሁ እዩ፤ ከዚያ ለልጆች አሳዩ። ስለ ባልና ሚስት ጠብ የሚነገረውን ልጅ ቁጭ ብሎ እንዲያስተረጉምላችሁ አታድርጉ፤ ሸክሙ ይከብደዋል። ካለቀ በኋላ ቴሌቪዥኑን ዝጉና ተነጋገሩ። ማን ቀድሞ ቋንቋ አወቀ? ማን አፈረ? መሐል የገባ ሽማግሌ ነበረ ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ስለ ፊልሙ ይመስላሉ፤ መልሱ ግን ስለ ቤታችን ይሆናል። በፊታችሁ ስላለው ሰው በቀጥታ ለመናገር ሲከብድ ስለ ጊትልና ስለ ጄክ መናገር ይቀላል።

በወሬው መካከል እውነተኛ ፍርሃት ቢገለጥ፣ ማለትም ዱላ ወይም ዛቻ ያለ ከሆነ፣ ፊልም መድኃኒት አይሆንም። በምትኖሩበት ከተማ ወደሚገኘው ረቫሃ ቢሮ ሂዱ፤ አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ እንዲያነጋግራችሁም ጠይቁ። ሽማግሌም ጥሩ ነው፤ የሰው ሕይወት ላይ አደጋ ሲመጣ ግን ሽማግሌ እስኪሰበሰብ አይጠበቅም።

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። ባሕሩ ግን በዚህ አገር ተቀይሯል፤ አዲሱን ውኃ አብረን መልመድ አለብን። ለቤታችሁ ሰላም ይሁን።